ይቅርታ ያደረገ ምክንያቱን ይንገረን

ግንቦት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ሞት የተፈረደባቸው 23 የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት እንዲለወጥ ወሰኑ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስና ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ፍሥሐ ደስታ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። አራት ወር ያህል ቆይቶ፣ በመስከረም 2004፣ ብዙዎቹ በአመክሮ ወጡ። «ደርጎች ይቅርታ ተደረገላቸው» ተብሎ ተወራ። ዛሬም ብዙ ሰው ነገሩን የሚያስታውሰው እንደዚያ ነው። በሕግ ዓይን ግን ይቅርታ አልተደረገላቸውም። ሊደረግላቸውም አይችልም ነበር።

ምክንያቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ነው። በሰው ልጅ ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች የሚባሉት፣ ማለትም የዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን አስገድዶ መሰወር፣ ኢሰብአዊ ድብደባ፣ በይርጋ አይታገዱም፤ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ አይታለፉም። ክልከላው ፓርላማውን ይይዛል፤ ማንኛውንም ሌላ የመንግሥት አካል ይይዛል፤ ፕሬዚዳንቱንም ይይዛል። ንዑስ አንቀጽ 2 የከፈተው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው። በእነዚህ ወንጀሎች ሞት የተፈረደበትን ሰው ቅጣት ርዕሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ሊያሻሽለው ይችላል። ከዚያ በታች መውረድ አይችልም።

ታዲያ እንዴት ወጡ? መልሱ ያለው በወንጀል ሕጉ ውስጥ ነው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት እስረኛ 20 ዓመት ከታሰረና ጠባዩ ከተመሰከረለት በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። አብዛኞቹ የደርግ ባለሥልጣናት የታሰሩት መንግሥታቸው በወደቀበት በግንቦት 1983 ነበር። ሞቱ ወደ ዕድሜ ልክ የተለወጠላቸው በግንቦት 2003። ልኩ ሃያ ዓመት። የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ከእስር አላስወጣቸውም፤ አመክሮ ሊጠይቁ ከሚችሉበት ደረጃ ላይ ግን አደረሳቸው።

ከዚያ ውሳኔ በፊት የሃይማኖት መሪዎች ሽምግልና ይዘው ነበር። እስረኞቹ ሕዝቡን ይቅርታ ለመጠየቅ ፈቃደኛ መሆናቸው ተነገረ፤ የደርግ ዘመን የቀይ ሽብር ሰለባ ቤተሰቦች ደግሞ የልጆቻችን ደም በሽምግልና አይታለፍም ብለው ተቃወሙ። መስቀል አደባባይ ዳር የቆመው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በሩን ከከፈተ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። የሟቾቹ ፎቶግራፎች ግድግዳውን ሞልተውታል፤ ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅም በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ያንን አዳራሽ ያየ ሰው የቤተሰቦቹን ተቃውሞ ለመረዳት አይቸግረውም።

ከዚህ ሁሉ ግፊት መካከል አንቀጽ 28 ሳይጣስ ማለፉ በኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚገባውን ያህል አልተወራለትም። ባለሥልጣናቱ ለዓመታት ተከራክረዋል። በታኅሣሥ 1987 የተጀመረው ችሎት ጥፋተኛ ብሎ የበየነው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ነው። የደርግ መሪ የነበሩት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ ተቀምጠው በሌሉበት ተፈረደባቸው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ሲወስን ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 2000 ወደ ሞት አከበደው። የጥፋተኝነት ፍርዱን ማንም አልሰረዘውም። ፍቅረ ሥላሴና ፍሥሐ ከወጡ በኋላ ሁለቱም የዘመናቸውን ታሪክ በመጽሐፍ ጽፈው አሳትመዋል፤ አንባቢ አንብቦ ተከራክሯቸዋል። በፍርድ፣ በእስራትና በአደባባይ ክርክር ያለፈ ነገር በአንድ ሌሊት አዋጅ ከሚታጠፍ ነገር ጋር ሊወዳደር አይችልም።

እንዲህ ያለውን አንቀጽ ለማርቀቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ አስረሽኗል። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ክስ አልተነበበላቸውም፤ ጠበቃ አልቆመላቸውም፤ ይግባኝ የሚሉበት ችሎትም ሆነ ይቅርታ የሚጠይቁት ርዕሰ ብሔር አልነበራቸውም። የእነሱን ገዳዮች ለፍርድ ያቀረበችው አገር በኋላ ለገዳዮቹም ቢሆን የሞትን ቅጣት የሚያስቀር መንገድ በሕገ መንግሥቷ ማስቀመጧ ያኮራል።

ችግሩ የሚጀምረው ከአንቀጽ 28 ውጭ ነው። በዚያ በኩል ይቅርታ የማድረግ ሥልጣን እምብዛም አጥር የለውም፤ ያለውም አጥር በየጊዜው ሲነቃነቅ ታይቷል።

አንቀጽ 71 ፕሬዚዳንቱ በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርጋል ይላል። «በሕግ መሠረት» የተባለው ሕግ መጀመሪያ በ1996 በወጣው አዋጅ ቁጥር 395፣ በኋላም እሱን በተካው በ2006ቱ አዋጅ ቁጥር 840 ተደንግጓል። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ታራሚው፣ ወይም ስለ እሱ የሚያመለክት ሰው፣ ለይቅርታ ቦርድ ማመልከቻ ያስገባል። ቦርዱ መዝገቡን አይቶ የውሳኔ ሐሳብ ያዘጋጃል። ፕሬዚዳንቱ ይፈርማሉ። ቦርዱ ያለው በአስፈፃሚው ጥላ ሥር፣ የፍትሕ አስተዳደሩን ከሚመራው መሥሪያ ቤት ጋር ነው። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ በኢትዮጵያ ሥርዓት የአስፈፃሚነት ሥልጣን የላቸውም፤ እሱ በጠቅላይ ሚኒስትሩና በሚኒስትሮች ምክር ቤት እጅ ነው። ስለዚህ የአንድ ፖለቲከኛ ይቅርታ ሲታወጅ ሕዝቡ የሚሰማው የፕሬዚዳንቱን ስም ነው፤ ውሳኔው የተመከረበትን ጠረጴዛ ግን አያየውም። ለምን ይህ ሰው ተፈታ፣ ያኛው ለምን ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ዜጋ መልስ የሚሰጠው አካል የለም።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ምን እንደሆነ ለማወቅ የብርቱካን ሚደቅሳን ጉዳይ ማየት ይበቃል።

ብርቱካን የሕግ ሰው ናቸው። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃን በዋስ እንዲለቀቁ አዘው፣ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ መልሰው ሲያዙ አገር ታዝቧል። ከ1997 ምርጫ በኋላ እሳቸውም ከተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ጋር ታሰሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1999 ከሌሎች መሪዎች ጋር ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። በአራተኛው ቀን፣ ሐምሌ 13፣ 38 ሰዎች በይቅርታ ወጡ። ሽማግሌዎች ለወራት ሲመላለሱ ቆይተው ነበር፤ እስረኞቹም ጥፋታቸውን አምነው መንግሥትንና ሕዝብን ይቅርታ የሚጠይቁበት ሰነድ ላይ ፈርመዋል። ፍርድ በተሰጠ በአራተኛው ቀን ይቅርታ ሲደረግ የቦርዱ ምርመራ፣ የይግባኝ ጊዜ፣ የመዝገብ ጥናት የት ገባ ብሎ መጠየቅ ያኔ ደስታውን ማደፍረስ መስሎ ነበር። ሰዎቹ ወጡ፤ ቤተሰብ እልል አለ።

ጥያቄው ግን ዞሮ መጣ። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ብርቱካን ስዊድን ውስጥ ስለ አፈታታቸው ተናገሩ። መንግሥት ይቅርታ መጠየቃቸውን ክደዋል ብሎ ቃላቸውን እንዲያስተባብሉ የጥቂት ቀን ጊዜ ሰጣቸው። እሳቸው «ቃሌ» በሚል ርእስ ጽሑፍ አውጥተው በሽማግሌዎች በኩል የተደረገውን ስምምነት የተረዱበትን መንገድ አብራሩ እንጂ አላስተባበሉም። በታኅሣሥ 2001 ተያዙ። ይቅርታው ተሰረዘ፤ የዕድሜ ልክ ፍርዱ ተመለሰ። አዲስ ክስ አልተመሠረተም፤ ምስክር አልቀረበም፤ ችሎት አልተሰየመም። አንዲት እናት በአንድ ንግግር ምክንያት ዕድሜዋን ሙሉ እንድትታሰር የተወሰነው ፋይል እንደገና በመክፈት ብቻ ነበር። የወጡትም መስከረም 26 ቀን 2003፣ ዳግመኛ ይቅርታ ጠይቀው ነው።

ይቅርታ በማታለል ከተገኘ ወይም የተደረገበት ሁኔታ ከተጣሰ መሰረዙ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ በብዙ አገር ሕግ አለ። ነገር ግን ሰውን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት የሚመልስ ውሳኔ ከፍርድ ያነሰ ሊሆን አይገባውም። ሁኔታው ተጥሷል የሚል አካል ጥሰቱን ገለልተኛ ዳኛ ፊት ያስረዳ፤ ተከሳሿም ትከራከር። ደግሞም ስለ ራስ መታሰርና መፈታት መናገር ሐሳብን ከመግለጽ ነፃነት ወጥቶ የይቅርታ ማፍረሻ ከሆነ፣ ይቅርታ አድራጊው የሰጠው ነፃነት ሳይሆን አፍ መለጎሚያ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜ ልክ የተመለሰባቸው ብርቱካን በኅዳር 2011 የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። አገሪቱ ምርጫዋን አምና ልትሰጣት የምትችላትን ሴት በአንድ ንግግር ወደ ቃሊቲ እስር ቤት መልሳ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

ሌላው ያልተፈታ ጉዳይ ጥፋትን በግድ ማሳመን ነው። ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ በሐምሌ 2004 በሽብርተኝነት 18 ዓመት ተፈርዶባቸው ነበር። በየካቲት 2010፣ አገሪቱ በተቃውሞ ስትናጥ፣ መንግሥት በመቶዎች የሚቆጠሩ እስረኞችን ለመልቀቅ ወሰነ። ለእስክንድር የቀረበላቸው ቅጽ የተቃዋሚው ድርጅት የግንቦት ሰባት አባል እንደነበሩ የሚያምን ነበር። አባል አልነበርኩም፣ አልፈርምም አሉ። ስድስት ዓመት ለታሰረ ሰው በሩ ተከፍቶለት፣ ብዕር ተሰጥቶት፣ እምቢ ማለት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አንባቢ ያስበው። ሳይፈርሙ የካቲት 7 ወጡ፤ በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን ለሕዝብ ተናገሩ።

የቅጹ ነገር ተራ ወረቀት ይመስላል። ግን ፍርድ ቤት የሰጠውን ብይን በእስረኛው እጅ ማጽደቂያ ሲሆን፣ ይቅርታ ከምሕረት ይልቅ የፖለቲካ ድል ማስመዝገቢያ ይሆናል። በ2004 ዓ.ም. 11 ዓመት የተፈረደባቸው ሁለት የስዊድን ጋዜጠኞችም ይግባኝ ከማለት ይልቅ ይቅርታ መጠየቅን መረጡ፤ ዓመቱ ሳያልቅ በጳጉሜን ተለቀቁ። ይግባኝ ያለ ሰው ይቅርታ የማግኘት ተስፋው የሚርቅ ከሆነ፣ የበላይ ፍርድ ቤት የበታቹን ስሕተት የሚያርምበት ዕድል ያመልጠዋል። ንጹሕ ነኝ የሚል ታራሚ ንጽሕናውን ሳይክድ ለዕድሜው፣ ለጤናው፣ ለልጆቹ ሲባል ይቅርታ ሊደረግለት ይገባል። ይህን በአዋጅ ግልጽ ማድረግ የሚከብድ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ሦስት ተደባልቀው የሚነገሩ ነገሮችን መለየት ያሻል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 229 የተደነገገው ይቅርታ ቅጣቱን ይቀንሳል ወይም ያስቀራል፤ ፍርዱ ግን በመዝገብ ይኖራል። በአንቀጽ 230 የተደነገገው ምሕረት ወንጀሉን ራሱን ይሰርዛል፤ ያልተከሰሰውም እንዳይከሰስ ያደርጋል። ሁለቱም የአንቀጽ 28 ገደብ አለባቸው። ሦስተኛው ክስ ማንሣት ነው። እሱ የዐቃቤ ሕግ ሥልጣን ነው፤ ፕሬዚዳንቱ አይገቡበትም፤ አንቀጽ 28ም በስም አይጠራውም።

ባለፉት ዓመታት ትልልቆቹ የፖለቲካ እስረኞች የወጡት በዚህ በሦስተኛው በር ነው። በጥር 2010 የተቃዋሚ መሪውን መረራ ጉዲናን ጨምሮ ከ500 በላይ ሰዎች ክሳቸው ተነሣ። በ2014 የገና ዕለት ፖለቲከኛው ጃዋር መሐመድ፣ ዳግመኛ ታስረው የነበሩት እስክንድር ነጋና የሕወሓቱ ስብሐት ነጋ የተካተቱባቸው እስረኞች ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ። ሕዝቡ ዜናውን የሰማው ከሆነ በኋላ ነው። አንዱ ወገን በዚህኛው መፈታት ሲደሰት ሌላው በዚያኛው አዘነ፤ የአንዳንዱም ቤተሰብ በሰሜኑ ጦርነት የሞተበትን ልጅ እያሰበ «ለምን?» አለ። ከመግለጫ በቀር መልስ አላገኘም። የተነሡት ክሶች ትክክለኛ ነበሩ ወይስ ከመጀመሪያውም መመሥረት አልነበረባቸውም? ትክክለኛ ከነበሩ ለምን ተነሡ? ካልነበሩ እነዚያ ሰዎች ለምን ታሰሩ? ሁለቱ ጥያቄዎች ዛሬም አብረው ተንጠልጥለዋል።

በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በዚህ ረገድ ጥንቁቅ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሊያነሣ ሲፈልግ የፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲጠይቅ አዘዘ፤ በከባድ የሰው ግድያና በከባድ ውንብድና የቀረበን ክስ ደግሞ ጭራሹን እንዳያነሣ ከለከለ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይቅርታና ምሕረት የማድረግ ሰፊ ሥልጣን በነበራቸው ዘመን፣ ዐቃቤ ሕጉ ግን ያን ያህል ልጓም ነበረበት። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ፣ ርዕሰ ብሔሩ በአዋጅና በቦርድ ሲታጠሩ ክስ የሚያነሣው አካል ተፈቷል።

አንዳንዶች ለዚህ ሁሉ ነገር አሜሪካን እንደ ምሳሌ ይጠቅሳሉ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የይቅርታ ሥልጣን በእርግጥ ሰፊ ነው፤ ምናልባትም ከመጠን በላይ ሰፊ። ሕገ መንግሥቱ ያስቀመጠው ገደብ ሁለት ነው፦ ይቅርታው ለፌዴራል ወንጀል ብቻ ነው፤ በምክር ቤት ከሥልጣን ለማውረድ የሚቀርብ ክስንም አይነካም። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት የተፈረደበት ኢትዮጵያዊ ዋይት ሐውስ ደጅ ቢጠና ትርፉ ድካም ነው፤ የሱ ጉዳይ የክፍለ ግዛቱ ገዢ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ ከአገር የመባረር ሥጋት ያለበት ሰው የገዢው ወይም የፕሬዚዳንቱ ሙሉ ይቅርታ ለአንዳንድ ወንጀሎች ሊያድነው ይችላል፤ ለአደንዛዥ ዕፅ ግን አያድነውም። ይህን የማያውቁ ብዙ ቤተሰቦች ገንዘባቸውን ለከንቱ ተስፋ ያፈስሳሉ።

ከእነዚያ ሁለት ገደቦች ወዲያ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቦርድ አይጠይቁም፤ ፍርድም አይጠብቁም። ጆ ባይደን ለልጃቸው ይቅርታ አደረጉ። ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2025፣ በቃለ መሐላቸው ዕለት፣ ከጥር 6ቱ የካፒቶል ጥቃት ጋር በተያያዘ ለተከሰሱና ለተፈረደባቸው 1,500 ያህል ሰዎች ይቅርታ አደረጉ። ፖሊስ የደበደቡም ከውስጡ ነበሩ። ይህ ለኢትዮጵያ የሚቀዳ ነገር አይደለም።

የሚቀዳው ሌላ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 1966፣ አዲስ አበባ ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አራት ቀን ሲቀራቸው፣ ዋሽንግተን ላይ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ለቀዳሚያቸው ለሪቻርድ ኒክሰን ሙሉ ይቅርታ ሰጡ። ኒክሰን ገና አልተከሰሱም ነበር። አሜሪካ ተቆጣች፤ ውስጥ ውስጡን ተደራድረዋል የሚል ሐሜት ተነሣ። ፎርድ ግን አልተደበቁም። በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 17 ምክር ቤቱ ዘንድ ራሳቸው ቀርበው፣ ለምን እንደወሰኑ ለሕዝብ እንደራሴዎች ጥያቄ መልስ ሰጡ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ምርጫውን ተሸነፉ፤ ይቅርታው አንዱ ምክንያት ነበር ይባላል። ውሳኔው ትክክል ይሁን ስሕተት አሜሪካውያን እስካሁን ይከራከሩበታል። የሚከራከሩበት ምክንያት ግን በእጃቸው አለ፤ ከወሳኙ አንደበት ሰምተውታል።

ከአሜሪካ ይልቅ ደቡብ አፍሪካ ለኢትዮጵያ ትቀርባለች። ኔልሰን ማንዴላ በ1994 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ከሆኑ ብዙም ሳይቆዩ ከ12 ዓመት በታች ልጆች ላሏቸው እናት እስረኞች የቀረ ቅጣታቸውን ማሩላቸው። አንድ አባት እስረኛ፣ እኔም ልጅ አለኝ፣ ወንድ በመሆኔ ተበደልኩ ብሎ ከሰሰ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1997 እ.ኤ.አ. በአባትየው ላይ ፈረደ፤ ነገር ግን መጀመሪያ አንድ ትልቅ ነገር አስቀመጠ፦ የፕሬዚዳንቱ ይቅርታ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ ይመዘናል፤ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል። የማንዴላ ስም ምርመራውን አላስቀረውም።

በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ይበልጥ ወደ ኢትዮጵያ ጉዳይ የሚጠጋ ውሳኔ ሰጠ። መንግሥት አገሪቱ ካቋቋመችው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ሂደት ውጭ ለቀሩ በፖለቲካ ምክንያት ለተፈረደባቸው ሰዎች ይቅርታ ለማድረግ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ተጎጂዎቹን ሳያማክር። ፍርድ ቤቱ አይሆንም አለ። ይቅርታው የሚደረገው ለእርቅ ከሆነ፣ የተጎዳው ሰው ሳይሰማ እርቅ የለም፤ ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ ከመወሰናቸው በፊት ተጎጂዎች ይደመጡ ብሎ አዘዘ። በኢትዮጵያ ሽምግልና ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ድንጋይ ተሸክሞ የሚለምነው በዳዩ ነው፤ «ይቅር ብያለሁ» የሚለው ደግሞ የሟች ወንድም፣ የሟች አባት ነው እንጂ የሰፈሩ ሹም አይደለም።

ይህ ሁሉ ለዛሬ ለምን ያስፈልጋል? የሰሜኑን ጦርነት ለማስቆም በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲወጣ ግዴታ አስገብቷል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ፖሊሲውን አጽድቋል። በውስጡ ክስ አለ፤ እውነት ማፈላለግ አለ፤ ካሳ አለ፤ በቅድመ ሁኔታ የሚደረግ ምሕረትም አለ። ምሕረቱ ክፉ ሐሳብ አይደለም። በትግራይ፣ በአማራ፣ በአፋርና በኦሮሚያ በተፈጸመው ነገር ሁሉ እያንዳንዱን ሰው ከስሶ መዝለቅ የሚችል ፍርድ ቤት በዓለም ላይ የለም። የታዘዘ ወጣት ወታደር እውነቱን ተናግሮ፣ የተጎዳውን ፊት ለፊት አይቶ፣ ወደ ቤቱ ቢመለስ የሚከፋ ነገር የለውም።

ነገር ግን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በጋራ ያደረጉት ምርመራ፣ በጥቅምት 2014 በወጣው ሪፖርት፣ ሁሉም የጦርነቱ ወገኖች የፈጸሟቸው አንዳንድ ድርጊቶች በሰው ልጅ ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች ሊሆኑ እንደሚችሉ አመልክቷል። እነዚያ በአንቀጽ 28 ውስጥ የሚወድቁ ናቸው። በምሕረት አዋጅ አይታለፉም፤ በፕሬዚዳንት ፊርማ አይታለፉም። ፈተናው በጓሮ በር፣ ማለትም ክስ በማንሣት ወይም ጨርሶ ባለመክሰስ፣ እንዳይታለፉ ማድረግ ነው። የአንቀጹ ሐሳብ ወንጀሉ ያለ ፍርድ እንዳይቀር ከሆነ፣ በየትኛውም ስም የሚመጣ ማምለጫ ላይ ሊሠራ ይገባዋል። ሕገ መንግሥቱ ክስ ማንሣትን በስም አለመጥራቱ ለአስፈፃሚው ፈቃድ መስጠት አይደለም፤ እንዲህ ተብሎ ከተተረጎመ ለደርግ ባለሥልጣናት ያልተከፈተው በር ለኋለኞቹ ሁሉ ይከፈታል።

ደርጎቹ ሃያ ዓመት ታስረዋል። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ውስጥ ክስ ተመሥርቶባቸዋል፤ ማስረጃ ተሰምቶባቸዋል፤ ስማቸው በፍርድ መዝገብ ተጽፏል። ለቀይ ሽብር ሟቾች እናቶች ያን ያህል ከተደረገ፣ በጦርነትና በግጭት ልጆቻቸውን ላጡት ለአክሱም፣ ለማይካድራ፣ ለጭና እና ለወለጋ እናቶች ከዚያ ያነሰ ሊሰጥ አይገባም።

ፖሊሲውን ወደ ሕግ የሚያወርዱት የሕዝብ ተወካዮች ይህን ማድረግ ይችላሉ። የይቅርታ አዋጁን እንደገና ይክፈቱት። ይቅርታ የተደረገለት ሰው ስምና የተደረገበት ምክንያት ታትሞ ይውጣ፤ ንጹሕ ነኝ የሚል ሰው ጥፋቱን እንዲያምን አይገደድ፤ ይቅርታ የሚሰረዘው ሁለቱንም ወገን በሰማ ዳኛ ብቻ ይሁን። በሰው ግድያ የቀረበ ክስ ሲነሣ ዐቃቤ ሕግ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያስፈቅድ፤ የሟች ቤተሰብም አስቀድሞ ይነገረውና ይደመጥ። አንቀጽ 28 የሚሸፍናቸው ወንጀሎች ላይ ደግሞ ክስ ማንሣት ክልክል ነው የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የምክር ቤቱ አባላት ይህን ዓረፍተ ነገር ሳያዩ ለሽግግር ፍትሕ ሕጎች እጃቸውን እንዳያወጡ እንጠይቃቸዋለን።